ስለ ምራቅና ስለ ድድ ቁስል

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ፣ በስተግራ እስከ ጣና ዳርቻ፣ በስተቀኝ እስከ ደብረ ታቦር ተራሮች ግርጌ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ እያቋረጠ ወረታ ይገባል። ከዚያም አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ ስለሚሄድ፣ ወረታ የመንገደኛውም፣ የነጋዴውም፣ የሩዝ ጫኙም መገናኛ ሆና ትኖራለች። በገበያዋ ሽንኩርትና ሽምብራ ዘርግተው ከሚሸጡት እናቶች መካከል ዕድሜያቸው የገፋው ሲስቁ፣ ድዳቸው በንቅሳት ጠቁሮ፣ ጥርሳቸውም ከጥቁሩ ሥር ነጥቶ ይታያል። አንዳንዶቹ ለውበት፣ አንዳንዶቹም ድዳቸው እየደማ ስላስቸገራቸው መድኃኒት ይሆናል ተብለው በልጅነታቸው የተነቀሱት ነው።

የአነቃቀሱን ነገር ለዛሬው ወጣት መንገር ያስፈልግ ይሆናል። ነቃሿ ከኩራዝ ወይም ከምጣድ ሥር የተጠረገ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ አንድነት የታሰሩ መርፌዎችን በጥላሸቱ እያጠቀሰች የልጂቱን ድድ ደም እስኪፈስ ድረስ ትወጋው ነበር። ልጂቱም ከንፈሯ አብጦ፣ እንጀራ ማላመጥ ተስኗት፣ አጥሚት እየጠጣች ትሰነብታለች፤ ጥቂት ቀን ካለፈ በኋላ ግን እብጠቱ ይጎድላል፣ ድዱም ይገጥማል፣ የቁስሉም ቦታ ከጥቁረቱ በቀር ጠባሳ የሚባል ነገር አይገኝበትም። አስተዋይ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ባልተቀቀለ መርፌና በጥላሸት የተከፈተ ቁስል፣ ያውም ረቂቃን ተሐዋስያን በብዛት በሚርመሰመሱበት በአፍ ውስጥ፣ ቅልጥም ላይ ቢሆን ኖሮ መግል ቋጥሮ ብዙ ባሰነበተ ነበር፤ ስለምን በድድ ላይ ሲሆን ፈጥኖ ዳነ? (ይህን ማለቴ ንቅሳቱን ማመስገኔ አይደለም፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መንቀስ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ እንደሚችል የታወቀ ስለ ሆነ፣ ልማዱ እየቀረ መሄዱ መልካም ነው።)

ለጥያቄው መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። የአፍ ሥጋ ደም ሥር የበዛበት ነው፤ ሕዋሳቱም በባሕርያቸው ከቆዳ ሕዋሳት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይታደሳሉ። ከመልሱ ዋና ክፍል አንዱ ግን ሁላችን ሳናስበው ቀኑን ሙሉ የምንውጠው፣ ሲያስጸይፈንም የምንተፋው ምራቅ ነው።

ምራቅ በእኛ ዘንድ ክብርንም ውርደትንም የተሸከመ ነገር ነው። ሰውን ሊያዋርድ የፈለገ ፊቱ ላይ ይተፋበታል፤ ምራቁን የዋጠ ሽማግሌ ግን ልጅ ሲመርቅ «ቱፍ ቱፍ፣ እደግ ተመንደግ» እያለ ከምራቁ ጥቂት ያካፍለዋል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በዘጠነኛው ምዕራፍ እንደ ነገረን፣ ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲፈውስ በምድር ላይ እንትፍ ብሎ በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ቀባው፤ ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ምእመንም በዚያ ዕለት ምራቁን ከመትፋት ይጠነቀቃል። ስለ ምሥጢሩ መናገር የመምህራነ ወንጌል ፈንታ ነው፤ የእኔ ነገር በሥጋዊው ምራቅ ላይ የቆመ ነው፤ እርሱም ቢሆን እንደ ተራ ውሃ የሚቈጠር አይደለም።

ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ ከጆሮው ሥር እስከ መንጋጋው ሲያብጥ ያየ ሰው፣ ከምራቅ ዕጢዎች ትልቁ የት እንዳለ አየ ማለት ነው፤ በሽታው የሚያሳብጠው ይህንኑ ዕጢ ነውና። በግራና በቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡት ታላላቆቹ ዕጢዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ከታችኛው መንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ በታች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ሌላ ደግሞ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ተበትነዋል። መጽሐፍ ሳያገላብጡ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። መስታወት ይዞ ምላስን ወደ ላይ አንሥቶ የተቆረጠ ሎሚ ወደ አፍንጫ ቢያስጠጉ፣ ከምላስ ማሰሪያ ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ምራቁ ጠብ ጠብ እያለ ሲወጣ ይታያል፤ አንዳንድ ጊዜማ ተወርውሮ መስታወቱን እስከ መምታት ይደርሳል። የጥርስ ድንጋይ የሚባለው ጠጣር ቆሻሻ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይልቅ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ የሚጋገረውም ስለዚህ ነው፤ ማዕድን የተሸከመው ምራቅ የሚፈልቀው ከአጠገባቸው ነውና፣ በጊዜው ያልተጠረገውን ልጋግ ያደነድነዋል።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ከዚህ ውስጥ 99 ከመቶው ውሃ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በቀረው አንድ እጅ ውስጥ ነው። እንጀራንና ሩዝን ገና በአፍ ሳሉ መፍጨት የሚጀምረው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከዚያ ውስጥ ነው፤ ሩዝ አፍ ውስጥ አቆይቶ ያላመጠ ሰው ጣዕሙ ወደ ጣፋጭነት ሲያደላ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው። ላይሶዛይም የተባለው የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ፕሮቲንም በምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ ይህን ፕሮቲን በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በእንባና በምራቅ ውስጥ ያገኘው፣ ኋላ በፔኒሲሊን ስሙ የገነነው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1921 እና 1922 ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጀርሞችን እያያያዘ ከጥርስ እንዳይጣበቁ የሚከለክል የመከላከያ አካልም፣ ምግቡን የሚያለሰልስና ድዱን የሚለብጥ ዝልግልግ ነገርም አለበት።

ለጥርስ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በምራቅ ውስጥ የሟሟው ማዕድን ነው። ጥርስን ከላይ የሚሸፍነው ነጩና ብርቱው ክፍል ከካልሲየምና ከፎስፌት የተሠራ ሲሆን፣ ባክቴሪያዎች ስኳር በልተው አሲድ ባወጡ ቁጥር ከዚህ ሽፋን ማዕድን ይቦረቦራል። የአፍ ውስጥ ፈሳሽ በአሲድ መለኪያ ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ሽፋኑ መሟሟት እንደሚጀምር የጥርስ ሊቃውንት ተስማምተዋል፤ ሮበርት ስቴፋን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪም በ1940ዎቹ በሠራው ምርመራ፣ ስኳር በአፍ ከገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መለኪያው እንደሚያሽቆለቁል፣ ተመልሶ እስኪስተካከል ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ አሳይቷል። የሚያስተካክለው ምራቅ ነው፤ በውስጡ ባለው ባይካርቦኔት አሲዱን ያበርዳል፣ በካልሲየሙና በፎስፌቱም የተቦረቦረውን ይሞላል። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ከጉና ተራራ አፈር ይዘው ወርደው በፎገራ ሜዳ ላይ ደለል እያነጠፉ መሬቱን እንደሚያድሱት፣ ምራቅም ከደም የተረከበውን ማዕድን በጥርስ ላይ እያነጠፈ በየቀኑ ያድሰዋል።

ይህ ዕድሳት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጉዳቱም የሚመጣው በስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በመደጋገሙ ነው። በፎገራ ሩዝ መዝራት የተጀመረው በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ባሳዩት ሙከራ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቃል፤ ዛሬም ሩዙ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላም ይጠመቅበታል። ሰው ጥርሱ ሲጎዳ ጥፋቱን በአዲሱ እህል ላይ ሊያሳብብ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በገበታ ሰዓት ተበልቶ የሚያበቃ ሩዝ፣ ወጡም አብሮት ሳለ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ከሚጠጣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጋር የሚተካከል ጥፋት የለውም። ሻዩን በየሰዓቱ ፉት የሚል ሰው፣ ወይም ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማይለየው ልጅ፣ ምራቁ የመጀመሪያውን አሲድ ሳያበርድ ሁለተኛውን ይጨምርበታል። ሰዎች «ጥርሴን ትል በላው» የሚሉት ትሉ ይህ ነው።

ባይካርቦኔት ከተነሣ፣ የምራቅን ኃይል በከፍተኛ መጠን ማየት የሚሻ ሰው ወደ ፎገራ ላም ይሂድ። በወተቷ ስም ያወጣችው የፎገራ ላም ግጦሽ ጠግባ ጥላ ሥር ተኝታ ስታመሰኳ፣ ከአፏ ሲንጠባጠብ የሚታየው ከምትውጠው እጅግ የሚያንስ ነው፤ ትልቅ ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ትውጣለችና። ይህ ሁሉ የሚፈስሰው ጨጓራዋ ውስጥ ሣሩ ሲብላላ የሚወጣው አሲድ እንዳይገድላት ነው። ድርቆሽና ሣር ትታ ዱቄትና እህል ብቻ የበላች ከብት የምትነፋውና የምትታመመው ማመስኳቷ ቀንሶ ምራቋም ስለሚያንስ ነው፤ ይህን ከብት አርቢው ያለ ኬሚስትሪ ያውቀዋል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ ስለ ማጠብና ስለ መጠገን ነው። ምራቅ ሥጋን ያሳድጋል፣ ቁስልንም እንዲገጥም ያዛል የሚለው ዕውቀት ግን የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የመጣበትም መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የራሳችንን ዘመን የሚያስታውስ ነው።

ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ የተባለችው የቱሪን ተወላጅ የሕክምና ትምህርቷን የፈጸመችው በ1936 ነው፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጎንደርም ደብረ ታቦርም በጣልያን እጅ ሳሉ፣ ያው መንግሥት በአገሩ ላይ የዘር ሕግ አውጥቶ አይሁድን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ፤ እርሷም አይሁዳዊት ነበረችና ሥራዋን አጣች። ነገር ግን በመኝታ ክፍሏ ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቁማ፣ የዶሮ ዕንቁላል ከገበሬ እየገዛች፣ በጽንሱ ውስጥ ነርቭ እንዴት እንደሚያድግ መመርመሯን ቀጠለች። እኛን ሊያጠፋ የመጣው አገዛዝ የገዛ ልጁንም ከመኝታ ቤት እንዳሰራት ማወቅ፣ ቢያንስ ለእኔ፣ ታሪኩን ያቀርበዋል። ከጦርነቱ በኋላ ቪክቶር ሃምበርገር የተባለው ሊቅ ጽሑፏን አንብቦ ስለ ጠራት፣ በ1947 ወደ አሜሪካ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደች፤ በዚያም ነርቭን የሚያሳድግ አንድ ንጥረ ነገር እንዳለ አረጋገጠች። ይህን ንጥረ ነገር አጣርቶ የሚያወጣላት ሰው ያስፈልጋት ነበርና፣ ስታንሊ ኮሄን የተባለው የብሩክሊን ልጅ በ1953 ከእርሷ ጋር መሥራት ጀመረ።

ነገሩ ወደ ምራቅ የዞረው በድንገት ነው። ኮሄን ንጥረ ነገሩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመለየት የእባብ መርዝ ጨመረበት፤ መርዙ አንዱን ክፍል ያጠፋዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ የነርቩ ዕድገት ጭራሽ በረታ። መርዙ ራሱ ንጥረ ነገሩን በብዛት የያዘ ኖሯል። እንግዲህ የእባብ መርዝ የሚመነጨው ከምራቅ ዕጢ ወገን ከሆነ ዕጢ ስለ ሆነ፣ «በጡት አጥቢዎችም የምራቅ ዕጢ ይገኝ ይሆን?» ብለው የወንድ አይጥ የምራቅ ዕጢ ቢመረምሩ፣ በዚያም ሞልቶ አገኙት።

ከዚያ በኋላ ኮሄን ብቻውን ያስተዋለው ነገር ለጥርስ ሐኪሞች የበለጠ ይጠቅማል። ያልተጣራውን የዕጢ ጭማቂ አዲስ ለተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ቢወጋቸው፣ ልማዱ ከ12 እስከ 14 ቀን የነበረው የዓይናቸው መገለጥ ወደ 7 ቀን ወረደ፤ ከ8 እስከ 10 ቀን የሚበቅሉት የፊት ጥርሶቻቸውም በ5 እና በ6 ቀን ብቅ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን የነርቭ ጥናቱን እንዳያበላሽበት ቸል ብሎ ባለፈው ነበር፤ ኮሄን ግን ይህ የሌላ ንጥረ ነገር ሥራ መሆን አለበት ብሎ ተከታተለው። በ1962 ከአይጥ የምራቅ ዕጢ አጣርቶ ያወጣውን ፕሮቲን ጽፎ አሳተመ፤ ይህም የቆዳንና የአፍን ልባስ ሕዋሳት እንዲራቡ የሚያዝዝ የዕድገት ቀስቃሽ ሆኖ ተገኘ። ሰንሰለቱ 53 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ታናሽ ፕሮቲን ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1986 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ሌቪ ሞንታልቺኒ 103 ዓመት ኖራ በ2012 ዐረፈች፤ ኮሄን በ2020 ተከተላት።

የዕድገት ቀስቃሽ ሥራው በአጭሩ ይህ ነው። ፕሮቲኑ በሕዋሱ ገጽ ላይ ለእርሱ በተዘጋጀ መቀበያ ላይ ያርፋል፤ መቀበያውም ወደ ውስጥ ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ሕዋሱም ይከፈላል፣ ወደ ቁስሉም አፍ ይጓዛል። አይጦች ሲቆስሉ ቁስላቸውን የሚልሱት በከንቱ አይደለም። አብረው የሚኖሩ አይጦች አንዱ የሌላውን ቁስል ሲልስለት ቶሎ እንደሚገጥም፣ የምራቅ ዕጢያቸው የወጣባቸው ግን ቁስላቸው እንደሚዘገይ በ1979 ተጽፏል። የሰው ምራቅ ከአይጥ ምራቅ ይልቅ ይህን ፕሮቲን እጅግ በጥቂቱ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ሊቃውንቱ በሰው አፍ ውስጥ ሌላ ረዳት መኖር አለበት ብለው ፈለጉ። በ2008 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች በብልቃጥ ያሳደጉትን የአፍ ልባስ በመጫር ሲመረምሩ፣ ጭረቱን በመዝጋት በኩል ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ሂስታቲን የተባሉት አነስተኛ የምራቅ ፕሮቲኖች መሆናቸውን አሳዩ። ቀድሞ ሂስታቲን የሚታወቀው በአፍ ውስጥ የሚነሣውን ሻጋታ በመግደሉ ብቻ ነበር። ከዚህም ሌላ ምራቅ ደምን ቶሎ የሚያረጋ ነገር አለበት፤ ጥርስ የተነቀለበትም ጉድጓድ በረጋው ደም ተሸፍኖ፣ ከበታቹ አዲስ ሥጋ የሚያበቅለው በዚህ ሁሉ ኅብረት ነው። ጥርስ የተነቀለለት ሰው በዚያው ዕለት አፉን አጥብቆ እንዳይጉመጠመጥና በየጊዜው እንዳይተፋ የሚመከረው የረጋው ደም እንዳይነቀል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ምራቅ ለገዛ አፍ መድኃኒት መሆኑ ለሌላ ቁስል መድኃኒት አያደርገውም። አንዳንድ ሰው እህል ሳይቀምስ የጧት ምራቁን ጭርት ላይና ዓይን ላይ ይቀባል፤ በአፍ ውስጥ ግን በመቶ የሚቈጠር ዓይነት ባክቴሪያ ይኖራል፤ በአፍ ሲኖር ሰላማዊ የሆነው በቆዳ ሥር ሲገባ መግል ያበጃል። በሉቃስ ወንጌል ውሾች የአልዓዛርን ቁስል ይልሱለት እንደ ነበር ተጽፏል፤ ይህ ግን የድኻውን መጣል የሚያሳይ እንጂ የሕክምና ምክር አይደለም። በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በሽታው የሚተላለፈው ደግሞ በምራቅ ነው፤ ስለዚህ ውሻ የላሰውን ወይም የነከሰውን ቁስል ወዲያው በውሃና በሳሙና ለረጅም ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የወባ ተውሳክም ወደ ደማችን የሚገባው ቢንቢ ስትነክስ በምትተፋብን ምራቅ ነው፤ የፎገራ ሰው ይህን በየመኸሩ ያየዋል።

የምራቅ ዋጋው የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ዕጢው የሚታዘዘው በነርቭ ስለ ሆነ፣ የነርቩን መልእክት የሚያግድ ነገር ሁሉ አፍን ያደርቃል። የአስተናግር ፍሬ የበላ ልጅ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ የሚቀባጥረው በፍሬው ውስጥ ባለው አትሮፒን ምክንያት ነው፤ ሐኪሞችም ይህንኑ አትሮፒን በልኩ ሲሰጡ የሕመምተኛው ምራቅ ይደርቃል። በጋይንት በኩል፣ ድጓ በሚማሩባት በቤተ ልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት በሚማሩባት በዙር አባ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የአብሾ ወሬ ትዝ የሚለው አንባቢ ይኖራል፤ አብሾ ከአስተናግር ይዘጋጃል የሚባለው እውነት ከሆነ፣ ተማሪው ቀለም ይገባዋል በማለት የሚጠጣው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለዜማ የሚያስፈልገውን ምራቁን ያደርቅበታል። የቆሎ ተማሪን ጥርስ የጠበቀው አብሾው ሳይሆን ቆሎው ይመስለኛል፤ ጠንካራ ነገር በማላመጥ ዕጢው ስለሚነቃቃ ምራቁ ይበዛል፣ ቆሎም ስኳር የለበትም።

ስለ ጾም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው ምራቁ ስለሚቀንስ አፉ ይሸታል፤ ሽታው የሚመጣው ከምላስ ጀርባ ካሉት ባክቴሪያዎች ነው። ጥርሱ ግን በዚያ ሰዓት አይጎዳም፤ የሚፈርስ ስኳር በአፉ የለምና። ጉዳት ካለ ያለው በፍቺው ላይ ነው፤ በደረቀ አፍ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ መጀመሪያ ከሚገባ ይልቅ ውሃ ቢቀድም ይሻላል። ሙስሊሙ ወንድማችንም በረመዳን ሲያፈጥር ይኸው ይሠራለታል። ጫት ቃሚ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጫቱ አፉን ያደርቀዋል፣ መራራውን ለማጣፈጥ የሚጠጣው ለስላሳ ደግሞ በደረቀው ላይ ስኳር ያፈስበታል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች አፍንጫና አፋቸውን በሻሽ ጠቅልለው የገለባውን ብናኝ ሲከላከሉ ይታያሉ፤ በአፍ የሚተነፍስ ሰው ምራቁ በነፋስ ስለሚደርቅ፣ ሻሹ ለሳንባቸው ብቻ ሳይሆን ለድዳቸውም ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ድርቀት ግን ከሕመምና ከሕክምና የሚመጣው ነው። ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ አፍን ያደርቃል፤ ለአለርጂ፣ ለመንፈስ ጭንቀት፣ ለደም ግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። በአንገትና በራስ ላይ የወጣ ካንሰር በጨረር ሲታከም፣ ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎችን አብሮ ያቃጥላቸዋል፤ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ጥርሶቹ በወራት ውስጥ ከድዱ ጠርዝ ጀምሮ ሊሰበሩ፣ አፉም በትንሽ ነገር ሊላጥና ሳይድን ሊቆይ ይችላል። ዕጢው ሲሞት ማጠቢያውም፣ ማዕድኑም፣ የዕድገት ቀስቃሹም አብረው እንደሚጠፉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሐኪሞች የጎደለውን በሌላ መንገድ ሊተኩ ሞክረዋል። በ2004 መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው ፓሊፈርሚን የተባለ መድኃኒት፣ የአፍን ልባስ ሕዋሳት የሚያሳድግ ሌላ ቀስቃሽ ሲሆን፣ ለደም ካንሰር ብርቱ ሕክምና የሚወስዱ ሰዎች አፋቸው እንዳይላጥ ይሰጣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደው በተማሩባት በኩባ ደግሞ የኮሄንን ፕሮቲን በፋብሪካ አምርተው፣ በስኳር በሽታ ለቆሰለ እግር የሚወጋ መድኃኒት ከ2006 ጀምሮ ይጠቀሙበታል። ከእነዚህ ሁሉ ርካሹ በ2000ዎቹ መባቻ ከፈረንሳይ የተነሣው ዘዴ ነው፤ ከሕመምተኛው ከራሱ ክንድ ጥቂት ደም ተቀድቶ በመኪና ይሽከረከራል፤ በመካከሉ የሚረጋው ቢጫ እርጎ የመሰለ ነገር በዕድገት ቀስቃሾች የተሞላ ስለ ሆነ፣ ጥርስ በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ይህኛው ለአገራችን የሚስማማ ይመስለኛል፤ የሚጠይቀው አንድ መኪናና ንጹሕ ብልቃጥ ነውና። ሆኖም የዕድገት ቀስቃሽ ዕድገትን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ በራስና በአንገት ካንሰር ውስጥ የዚሁ ፕሮቲን መቀበያ ከልክ በላይ ስለሚሠራ፣ ሐኪሞች እዚያ ላይ የሚጥሩት መቀበያውን ለመዝጋት ነው። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች በዘፈቀደ የሚሸጥ ሰው ቢመጣ መሸሽ ይገባል።

ለወረታና ለአካባቢው ሰው የሐኪም ቤት ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳርና ከጎንደር አይርቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በደምቢያ ሜዳ በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ተከፍቶ፣ ዛሬ የጥርስ ሐኪሞችም ይመረቁበታል። እስከዚያው በቤት የሚሠራው ቀላል ነው። የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ ጫፉን አኝኮ ጥርስን በየገጹ መፋቅ ቆሻሻውን ያነሣል፣ ማኘኩም ምራቅ ያመጣል፤ ድዱን እንዳያቆስል ግን ብሩሽ እስኪሆን ድረስ መላላት አለበት፤ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የሚገኝ ከሆነ ይጨመርበት። ከሁሉ የሚበልጠው የማታው ጽዳት ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ሊቆም ምንም አይቀረውም፤ ጣፋጭ ነገር ቀምሶ ሳያጸዳ የተኛ ሰው፣ ጡጦ በአፉ ይዞ ያንቀላፋ ሕፃንም፣ ሌሊቱን ያለ ጠባቂ ያድራል። መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ አፉ የደረቀበት፣ በተለይም አረጋዊ፣ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ከማቋረጥ ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢነግር፣ ሐኪሙ ዓይነቱን ሊለውጥለት ወይም የሚወስድበትን ሰዓት ሊያዛውርለት ይችላል፤ እስከዚያም ውሃ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተጎነጨ ይቆይ።